ሞተር የሌላት መርከብ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። ዝናቡ ይሆናል። እነዚያ ውጭ አገር የሚኖሩት እህት ወንድሞቼ ትናንት ማታ ሻንጣቸውን ጭነው ስለሄዱም ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ ቤቱን በጫጫታ ሞልተውት ነበር፤ አሁን ፍሪጁ ብቻ ነው የሚያወራው።

ስልኬን ስነካካ አንዲት አሮጌ ፊልም አገኘሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1940 የሠሯት የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ናት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አትሞላም። ርዕሷ «የመብራት መርከቧ ሰዎች» እንደማለት ነው። የሠራት የፖስታ ቤቱ የፊልም ክፍል ነው። አዎ፣ ፖስታ ቤት! ያኔ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የራሱ የፊልም ሠራተኞች ነበሩት፤ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ተዛወሩ። ያው ክፍል በዚያው ዓመት ስለ ለንደን ድብደባ የሠራው አጭር ፊልም ለኦስካር ታጭቷል። ይቺን ግን ዛሬ የሚያነሳት የለም። ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር ሂችኮክ ራሱ ለአሜሪካኖች እንደገና እንደቆራረጣት ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ?

ታሪኩ እውነተኛ ነው። ባሕሩ ከሥር አሸዋ በሆነበትና ማማ መትከል በማይቻልበት ቦታ እንግሊዞች መርከብ ያቆማሉ። ምሰሶዋ ላይ ትልቅ ፋኖስ አለ። ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ ስሟ በትልልቅ ፊደል ጎኗ ላይ ተጽፎ፣ ሌሎች መርከቦች አሸዋው ላይ እንዳይወጡ ሌት ተቀን እዚያው ትቆማለች። የምታበራው ለሚያልፍ ሁሉ ነው፤ የማን አገር መርከብ ነው ብላ አትለይም። ስለዚህ በጦርነትም ቢሆን ማንም አይነካትም ይባል ነበር።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 1940፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 1932 መሆኑ ነው፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ኢስት ዳጅን የምትባለውን የመብራት መርከብ በምሥራቅ እንግሊዝ ባሕር ላይ በቦምብ ደበደቧት። ስምንቱ ሠራተኞች ትንሽ ጀልባ ላይ ወጡ። በዚያ ብርድ ቀዘፉ፣ ቀዘፉ። የብሱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ጀልባዋ ተገለበጠች። የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፊልሟ የተሠራችው በዚያው ዓመት ነው፤ ቁስሉ ገና ሳይደርቅ። ዴቪድ ማክዶናልድ የተባለው ዳይሬክተር ያሠራው ተዋናዮችን አይደለም፤ የባሕር ሰዎችን ነው። ሲናገሩ ግትር ይላሉ፣ የተጻፈ የሚያነቡ ይመስላል። ገመድ ሲይዙ ግን ሌላ ናቸው፤ እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። ፕሮፓጋንዳነቷን አትደብቅም። ግን ብልጥ ናት። የጦር መርከብ ሰጠመ ቢሉ ኖሮ ማን ይደነግጣል? ጦርነት ነው፣ ይሰጥማል። ማንንም የማይተኩስ፣ ለጠላትም ጭምር የሚያበራ ፋኖስ ተመታ ሲሉ ግን ሰው ይቆጣል። እኔም በዚህ ዘመን ቁጭ ብዬ ተቆጣሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ያሰብኩት ስለ ጦርነቱ አይደለም። አንድ ነገር ራሴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። እነዚህ የእንግሊዝ የመብራት መርከቦች ሞተር የላቸውም። በሌላ መርከብ ተጎትተው ይመጣሉ፣ መልሕቅ ይጣልባቸዋል፣ በቃ። መርከብ ሆኖ የትም አለመሄድ! የሄደች ቀን ጥፋት ናት፤ ሌላው ሁሉ መንገድ ይስታል። ጥቅሟ ሁሉ ትናንት በነበረችበት ዛሬም መገኘቷ ነው።

ይህን እያሰብኩ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። መሳቢያው ውስጥ የሦስት ሰው ውክልና አለ። የታላቄ የቦታ ካርታ እኔ ጋ ነው። የታናሼ የጋብቻ ወረቀት እኔ ጋ ነው። የዚያኛው የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ሳይቀር፣ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም፣ እኔ ጋ ነው። ሁሉም ሲደውሉ መጀመሪያ የሚሉት «ቤት ነህ?» ነው። ሌላ የት ልሆን?

ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይወዱኛል። እማዬ ካረፈች ወዲህ «አንተ ባትኖር ኖሮ ቤት የሚባል ነገር አይኖረንም ነበር» ይሉኛል። ሲሉኝ ደስ ይለኛል። በማግሥቱ ደግሞ ያናድደኛል። ሄደው ኑሮ የለወጡት እነሱ፣ ተመስጋኙ እኔ። ምስጋና እንደሆነ በባንክ አይገባ።

ደግሞ አስተያየቴ ፍትሐዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እነዚያ የመርከቧ ሰዎች ደመወዝ ነበራቸው፤ በየተራም ይቀያየሩ ነበር። እኔን የሚተካ ተረኛ ማን ነው? ታናሼን ብጠይቃት ትስቃለች። «አንተ እኮ መሄድ አትወድም» ትለኛለች። ከመቼ ጀምሮ እንደማልወድ ማን እንደወሰነ ብታስረዳኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ወስኜ ይሆን? ያኔ ፎርሙን ሞልቼ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ እማዬ ስትታመም መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ጊዜ? ወይስ ገና ከዚያ በፊት፣ ሁሉም ለመሄድ ሲጣደፉ እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ቦሌ መመላለስ የጀመርኩ ጊዜ? ሞተር ሳይኖረኝ ቀርቶ ነው ወይስ ኖሮኝ አስነስቼው ስለማላውቅ?

ይህን የሚያህል ፍልስፍና እየፈተልኩ ሳለ ታናሼ የድምፅ መልእክት ላከች። ገና መንገድ ላይ ናት፣ ትራንዚት። «በርበሬው ሻንጣ ውስጥ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ረሳነው መሰለኝ። ሐሙስ የሚመጣ ሰው አለ፣ ይዞልን ይሄዳል። ቤት ነህ አይደል?»

ቤት ነኝ፣ አልኳት። ሽሮም ልጨምር ወይ ብዬ ደግሞ እኔው ራሴ ጠየቅኳት።