የራዲያተር ክዳን

ዛሬ ቅዳሜን ጋራዥ ዋልኩ። ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤም እጄ አሁንም ግሪስ ግሪስ ይላል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ሐረጎ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ዳገቱ መሀል ላይ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ። ዳር ይዤ አቆምኩ። የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስሰድ አንድ የአይሱዙ ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ "ተው! ፊትህን ትቀቀላለህ!" ብሎ ጮኸብኝ። እግዜር ይስጠው። እስኪበርድ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

የሚያናድደው፣ እኔ መኪናዬን የምንከባከብ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ የቧንቧ ውሃ እሞላለሁ። "ላንድክሩዘሯ አርጅታለች፣ ትንሽ ውሃ ትጠጣለች" እላለሁ ለሰው። ውሃው የት እንደሚገባ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

መካኒኩ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይውረድ እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር። "አብሽር ልጄ" አለኝና ክዳኑን ገልብጦ አሳየኝ። ከሥሩ ያለችው ጎማ ደርቃለች። በጥፍሩ ሲነካት ተፈርፍራ ወደቀች።

"ባቄላ ደሴ ላይ ቶሎ የማይበስለው ለምንድን ነው?" ሲል ጠየቀኝ። እናቴ ንፍሮ ጥዳ ስትማረር ነው ያደግኩት፤ ምክንያቱን ግን አስቤው አላውቅም። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በከፍታው ምክንያት እዚህ ውሃ ቀድሞ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የሞተር ጤናማ ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ መፍያው ከ110 ያልፋል። የኔ ክዳን ምንም አይዝም ነበር። ጠዋት የሞላሁት ውሃ በእንፋሎት እየወጣ ያልቅ ኖሯል።

ውሃውን ስናፈስ የወረደው ሻይ የመሰለ ዝገት ነው። እስኪጠራ ካጠብነው በኋላ ኩላንት የሚባለውን ማቀዝቀዣ ፈሳሽና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ሞላን። ከፊት የራዲያተሩ ቀዳዳዎች በጤፍ ገለባ ተደፍነዋል፤ አውድማ ለአውድማ የዞርኩበት ትዝታ መሆኑ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ውሃውን ሳያስጨንቅ ቀስ አድርጎ አጠበው። በኃይል ከተረጨ ስሱ ክንፎቹ ይተኛሉ አለኝ።

ከዚያ በክሪክ አንስተን ታች ገባን። እንደ አሮጌ አልጋ ሲንቋቋ የከረመው የኋላ ባሌስትራ (የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ነው፤ በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ቡሽ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል። እሱን ቀየርን፣ ብሎኖቹንም አጠበቅን። የግራው አሞርዛተር (የመኪናዋን ንጥረት የሚያበርደው) ዘይት አፍስሶ አቧራ ለጥፏል። መኪናዋን አውርዶ በዚያ ጥግ በኩል በሁለት እጁ ተጫናትና ለቀቃት። ሦስት ጊዜ ዘለለች። "አየህ፣ አንዴ ተነስታ ቀጥ ማለት ነበረባት።"

ማታ ኮምቦልቻ ወርጄ ተመለስኩ። ጌጁ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ሐረጎን ወጣን።

አሞርዛተሩን ለወር መጨረሻ አሳደርኩት። የግራና የቀኙ አብረው ነው የሚቀየሩት ብሎኛል፤ ኪሴ ደግሞ ዛሬ ለአንዱም አይሆንም። እስከዚያ ጉድጓድ ሲመጣ ቀስ እያልን ነው።