ወደ አይስላንድ ጉዞ ስንዘጋጅ፦ የስድስት ወር ማስታወሻ

የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ባለፈው ኅዳር ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ሰማይ በደረሰበት ሳምንት፣ አዲስ አበባ የሚኖረውና በሥነ ምድር የተመረቀው ታናሽ ወንድሜ ደውሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አመድ ብቻ አወራኝ። እኔ የምኖረው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው። በሰኔ ዕረፍቴ ሊጠይቀኝ እንደሚመጣ አስቀድመን ተነጋግረን ስለነበር፣ «እንግዲያውስ አይስላንድንም አብረን እንያት» ያልኩት በዚያው ጥሪ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሆኖኛል። ለተመሳሳይ ጉዞ የሚዘጋጁ ወገኖች እንዲጠቀሙበት የሠራሁትን፣ የተሳሳትኩትንና ገና የቀረኝን እዚህ አሰፍራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሠራሁት ሥራ፣ አሁን ሳስበው፣ ከዝግጅት ይልቅ ለምኞት የቀረበ ነበር። ትልቅ የወረቀት ካርታ ገዝቼ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፤ እየተጠቀለለ ቢያስቸግረኝ አራቱን ማዕዘን በአራት የቡና ሲኒ ተጫንኩትና ያማረኝን ቦታ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩ። ደሴቲቱን የሚዞረው ቁጥር 1 መንገድ 1,322 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዘጠኝ ቀን ሲካፈል በቀን 150 እንኳ ስለማይሞላ፣ ከጎተንበርግ ስቶክሆልም በአንድ ቀን ለሚነዳ ሰው ቀላል መስሎ ታየኝ። ስሌቱ ግን ብዙ ነገር አላካተተም። ልናያቸው ከምንፈልጋቸው ቦታዎች አብዛኞቹ ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉ ናቸው፤ የተፈቀደው ፍጥነት በአስፋልት 90፣ በጠጠር መንገድ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች አሉ፤ ነፋሱም መንገድ እስከ ማዘጋት ይደርሳል። የመኪና ኪራይ ውሎችን ሳነብ ያስገረመኝ፣ ነፋስ መንጭቆ ለሚገነጥለው በር መድን አብዛኛውን ጊዜ የማይከፍል መሆኑ ነው። መኪናውን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማቆምና በሩን አጥብቆ ይዞ መክፈት እንደሚገባ የተማርኩት ከዚያው ውል ነው።

የከፈልኩበት ስሕተትም አለ። ላንድማናለይጋር የተባለውን ባለ ቀለም ተራሮች አካባቢ ለማየት በአቅራቢያው ገንዘቡ የማይመለስ ማደሪያ ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደዚያ የሚወስዱት መንገዶች ከቁጥራቸው በፊት «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለባቸው የደጋ መንገዶች መሆናቸውን የተረዳሁት። በእነዚህ ላይ አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ግዴታ ነው፤ የሚከፈቱትም በረዶው ሲቀልጥ፣ ብዙዎቹ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የተከራየሁት ትንሽ መኪና ነበር። ከማደሪያው በፊት የመንገዱን ዓይነት ማየት እንደሚገባ ለማወቅ 1,200 የስዊድን ክሮና አወጣሁ ማለት ነው።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሠራሁት ዋና ነገር የቦታ ስሞችን መፍታት ሲሆን፣ ከዝግጅቱ ሁሉ የወደድኩትም ይህንኑ ነው። የአይስላንድ ስሞች ሲታዩ ያስፈራሉ፤ ግን እንደ እኛው ስሞች ትርጉም ያላቸው ቃላት ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው። «ፎስ» ፏፏቴ ነው፤ «ቪክ» ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ «ፍያትል» ተራራ፣ «ኤይ» ደሴት፣ «የኩትል» ደግሞ የበረዶ ግግር ነው። በ2010 ፈንድቶ የአውሮፓን የአየር በረራ ለቀናት ያቋረጠው ኤይያፍያትላየኩትል፣ ስሙ ሲፈታ «የደሴት ተራሮች የበረዶ ግግር» ከመሆን አያልፍም። ሬይክያቪክ «የጢስ ወሽመጥ» ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሰፈሩት ሰዎች ከፍል ውሃዎቹ የሚነሣውን እንፋሎት አይተው ጢስ አሉት። ጢስ ዓባይን የሰየሙት የእኛ ሰዎችም ከፏፏቴው የሚነሣውን የውሃ ርጭት ያዩት በዚሁ ዓይን ነው። ዋና ከተማን ከፍል ውሃ አጠገብ መቆርቆርም ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

የድምፆቹ ነገር ትንሽ ይከብዳል። ሁለት «ል» በተከታታይ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ «ትል» ተብሎ ይነበባል። የጥንቱ ጉባኤ ቦታ የቲንግቬትሊር መነሻ ድምፅ ደግሞ በዐረብኛ «ሦስት» ሲባል መጀመሪያ ላይ የሚሰማው፣ ምላስን በጥርስ መካከል አድርገው የሚያወጡት ድምፅ ነው፤ በፊደላችን ስለሌለ በ«ት» ጻፍኩት። ይህ ልምምድ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በ2016 አንድ አሜሪካዊ ጎብኚ በሬይክያቪክ ዋና የገበያ ጎዳና፣ በለይጋቬጉር ላይ ወዳለው ሆቴሉ ሊሄድ የመንገድ አመልካቹ ላይ አንዲት «ር» ጨምሮ ቢጽፍ፣ ለሰዓታት ነድቶ በሰሜን ጫፍ በምትገኘው በሲግሉፍየርዱር ከተማ ተገኝቷል። «ለይግ» የፍል ውሃ መታጠቢያ ሲሆን «ቬጉር» መንገድ ነው፤ ጎዳናው የከተማዋ ሴቶች ልብስ ለማጠብ ወደ ፍል ውሃው ይወርዱበት የነበረ መንገድ ነበር። ትርጉሙን ካወቅሁ በኋላ አጻጻፉ አልጠፋኝም።

ወንድሜ በበኩሉ የያዘው የቤት ሥራ አመድ ነበር። በሬይክያቪክ መሐል፣ አዳልስትራይቲ በሚባለው ጎዳና ሥር፣ በ2001 በተደረገ ቁፋሮ የተገኘ የአሥረኛው ክፍለ ዘመን ረጅም ቤት ፍርስራሽ እዚያው ባለበት ለእይታ ቀርቧል። ከቤቱ አጠገብ ያለች አጭር የግንብ ቁራጭ ግን በዕድሜ ከቤቱ ትበልጣለች። ከዕለታት አንድ ቀን እሳተ ገሞራ የበተነው አመድ መላ አገሩን ማለት ይቻላል እንደ ስስ ምንጣፍ ሸፍኖ ነበር፤ የአመዱ ዕድሜ ከግሪንላንድ የበረዶ ናሙና ጋር ተመሳክሮ መጀመሪያ 871፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ፣ ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረገ እርማት ግን ወደ 877 ገደማ ወስዶታል። ግንቧ ያለችው ከአመዱ ሥር ስለሆነ ከዚያ በፊት ተሠርታለች ማለት ነው። የጥንት ጽሑፎች ኢንጎልፉር አርናርሶን የተባለው ኖርዌያዊ መጥቶ ሰፈረ የሚሉት በ874 ገደማ በመሆኑ፣ መሬቱና መጽሐፉ ተቀራርበው ይመሰክራሉ። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ብዙም አልተደነቀም፤ «እትዬ፣ የሉሲንም ዕድሜ ያወቅነው በሐዳር ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ እኮ ነው» አለኝ።

ከእሱ የተማርኩት ሌላው ነገር፣ አይስላንድ የሰሜን አሜሪካና የዩራሲያ የምድር ንጣፎች የሚለያዩበት ስፍራ መሆኗንና መለያየቱም በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለው መለያየት በአብዛኛው በውቅያኖስ ሥር ስለሚካሄድ፣ ሰው በእግሩ ቆሞ የሚያይበት ቦታ ጥቂት ነው፤ አንዱ የእኛው አፋር ነው። በ2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፍቶ፣ በአንዳንድ ስፍራ ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተለያይታለች። ወንድሜ ኤርታ አሌን ወጥቶ አይቷል፤ አሁን የሚፈልገው ያንኑ ሥራ በቀዝቃዛ አገር ማየት ነው።

ቫይኪንጎችን፣ የጥንቶቹን የሰሜን አውሮፓ ባሕረተኞች፣ በተመለከተ መጀመሪያ የነበረኝ ሥዕል ከፊልም የተቀዳ ነበር። ቀንዳም የራስ ቁር እንኳ እነሱ ለጦርነት ያደርጉት እንደነበር ማስረጃ የለውም። ወደ አይስላንድ የሄዱት አብዛኞቹ ከብትና በግ ጭነው የወጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የመጡ፣ አንዳንዶቹም በባርነት የተወሰዱ መሆናቸውን የዘር ምርመራ አጠናክሮታል። በ930 በቲንግቬትሊር የጀመሩት ጉባኤ ንጉሥ አልነበረውም። ሕጉ በጽሑፍ ከመስፈሩ በፊት «ሕግ ተናጋሪ» የሚባል ሹም ከዐለቱ ላይ ቆሞ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን በቃሉ ይወጣው ነበር። ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሰው ያየ ሁሉ ይህን ለማመን አይቸገርም።

በዕቅዴ ከፍ ያለ ቦታ የሰጠሁት ግን ብራናዎቹን ነው። ታሪካቸውንና ግጥማቸውን በጥጃ ቆዳ ላይ ጽፈው ያቆዩት እነዚህ ሰዎች፣ ዋና ዋናዎቹ መጻሕፍት ለዘመናት በዴንማርክ ቆይተውባቸው፣ በ1971 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመርከብ ሲመለሱ ሕዝቡ ወደብ ወጥቶ ተቀብሏቸዋል። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎቻችን ዛሬም ለንደን መሆናቸውን እያሰብኩ የዚያን አቀባበል ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። አሁን ለሬይክያቪክ ከመደብኳቸው ሁለት ቀናት አንዱ የእነዚህ የአይስላንድ ብራናዎች ነው።

ቪዛውን ባጭሩ ልግለጽ። አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2001 ጀምሮ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ በሸንገን ውስጥ ናት። ማመልከቻው የሚገባው ግን ረጅም ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ነው። ወንድሜ ስዊድን ሦስት ሳምንት፣ አይስላንድ ዘጠኝ ቀን ስለሚቆይ ማመልከት ያለበት ለስዊድን ነው፤ እኔ ግን ይህን ሳላጣራ ሰነዶቹን ለአይስላንድ አዘጋጅቼ ሦስት ሳምንት አባከንኩ። የጉዞ ሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት፤ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ እስከ 15 ቀን ድረስ ይገባል። ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» ሲለን የአባታችንን ስም ጻፍን። አይስላንዳውያንም አብዛኞቹ እንደ እኛው በአባት ስም የሚጠሩ በመሆናቸው፣ የስልክ ማውጫቸው እንኳ የሚደረደረው በራስ ስም ነው።

ዛሬ ዕቅዱ ከመጀመሪያው በግማሽ አጥሯል፤ ሰሜኑን ሙሉ በሙሉ ትተነዋል። ከሬይክያቪክ ተነሥተን ቲንግቬትሊርንና የጌይሲርን ፍል ውሃ እናያለን። ከዚያ ወደ ትዮርሳ ሸለቆ እንሄዳለን፤ እሳተ ገሞራዋ ሄክላ በ1104 ፈንድታ በአመድ ከቀበረችው የስቶንግ እርሻ ተቀድቶ የተሠራ ቤት እዚያ አለ። በደቡቡ ዳርቻም እስከ የኩልሳውርሎን የበረዶ ሐይቅ፣ ከዋና ከተማዋ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን እንመለሳለን። ግሪንዳቪክን ከዝርዝሩ አውጥቻታለሁ፤ በኅዳር 2023 ነዋሪዎቿ በአንድ ሌሊት የወጡባትና ከዚያ ወዲህ በዙሪያዋ እሳተ ገሞራ ደጋግሞ የፈነዳባት ከተማ ለሽርሽር የምትሆን አልመሰለችኝም። የሬይኒስፍያራን ጥቁር አሸዋ እናያለን፤ ማዕበሉ ድንገት ሰው ስለሚወስድ ግን ከውሃው ርቀን ለመቆም ተስማምተናል።

ወሩ የሐዋርያት ጾም ስለሆነና ወንድሜ ስለሚጾም ምግቡም አሳስቦኛል። በለይጋርቫትን ሐይቅ ዳር፣ በሞቃት አሸዋ ውስጥ ለ24 ሰዓት ተቀብሮ የሚበስለውን የአጃ ዳቦ ለማቅመስ ጓጉቼ ነበር፤ ያገኘኋቸው አዘገጃጀቶች ግን ወተት ይገባባቸዋል። ስለዚህ ሁለት ኪሎ ሽሮ ይዘን እንሄዳለን፤ ማደሪያዎቹንም ማብሰያ ያላቸውን መርጫለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንይዝ ሞክረን ተውነው፤ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ሆኖ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሳ ስለምትወጣ፣ ማታና ሌሊት የሚሉት ቃላት ራሳቸው ግራ ያጋባሉ።

የወንድሜ የቪዛ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው። ሳንስማማበት የቀረው የሕዝብ መዋኛው ብቻ ነው፤ ወደ ሙቁ ገንዳ ከመግባት በፊት ሁሉም ሰው ልብሱን በሙሉ አውልቆ በጋራው መታጠቢያ በሳሙና መታጠብ ግዴታው መሆኑን ስነግረው፣ «ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አሻራ ለመስጠት ቀጠሮ አልይዝም ነበር» ብሎኛል።