«ሰማያዊዋ መርከብ ትታይዎታለች?»

በደቡባዊ ቀይ ባሕር የሠራ መርከበኛ ሁሉ ቻናል 16ን ያውቃታል። የጥሪና የአደጋ የሬዲዮ ቻናል ናት። ቀንም ሌሊትም ክፍት ናት። ዓሣ አጥማጁም፣ ኮንቴይነር ጫኙም፣ የጦር መርከቡም እዚያው ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ጆሯችን ቶሎ ይለምዳታል። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ የለመዱትን ድምፅ ማሳለፍ ቀላል ነው።

ይህ የሆነው የቀይ ባሕር ነገር እንደ ዛሬው ሳይከፋ ነው። ከጅዳ ወደ ጅቡቲ እየወረድን ነበር። ሦስተኛ መኮንን ስለነበርኩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብሪጁ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ላይ ተረኛ እኔ ነኝ። ወሩ የካቲት ነው። በዚህ ወቅት በዚያ አካባቢ ነፋሱ ከደቡብ ይነፍሳል። ከጅቡቲ ተነስተው ወደ ስዊዝ የሚወጡ የሸራ ጀልባዎች ይህን ነፋስ ይጠብቃሉ፤ ከኋላ ይገፋቸዋልና።

በግራችን በኩል፣ ሦስት የባሕር ማይል ያህል ርቀት ላይ፣ ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ራዳሩ ያሳየኛል፤ ኤአይኤሱ ላይ ግን የሉም። ኤአይኤስ የመርከብን ስም፣ ቦታና ፍጥነት በዙሪያው ላለ ሁሉ የሚናገር መሣሪያ ነው። የጦር መርከቦች እሱን የማብራት ግዴታ የለባቸውም። በባይኖኩላር ሳያቸው አንደኛው የጦር መርከብ ነው፣ ሌላው ነዳጅ አቀባይ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 50 ሜትር ቢሆን ነው። በገመድና በነዳጅ ቱቦ ተያይዘዋል። ምሰሶው ላይ ሦስት ጥቁር ምልክቶች ከላይ ወደ ታች ተሰቅለዋል፦ ኳስ፣ ዳይመንድ፣ ኳስ። «እንደ ልቤ መዞር አልችልም» ማለት ነው። በ1972ቱ ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት ሞተር ያለው መርከብ ለሸራ ጀልባ መንገድ ይለቃል። ይህን ምልክት ለሰቀለ መርከብ ግን የሸራ ጀልባዋም መንገድ ትለቃለች። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይይዝና ሁለተኛውን ይረሳል።

አንዲት የሸራ ጀልባ ከፊት ለፊት መጣች። ትንሽ ነጭ ነገር ናት፤ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። እሷም ኤአይኤስ ላይ የለችም። አፍንጫዋ በቀጥታ ወደ ሁለቱ መርከቦች ነው። እነሱ 12 ኖት (በሰዓት 12 የባሕር ማይል)፣ እሷ 6 ኖት ትሄዳለች። በመካከላቸው ስድስት ማይል አለ። ሃያ ደቂቃ ማለት ነው።

የጦር መርከቡ መጣራት ጀመረ። ፈጣን እንግሊዝኛ ነው። «የሸራ ጀልባ፣ በ15 ዲግሪ ሰሜን ከዚህን ያህል ደቂቃ፣ በ42 ዲግሪ ምሥራቅ ከዚህን ያህል ደቂቃ የምትገኝ፣ ይህ የጥምር ኃይሉ የጦር መርከብ ነው...» መልስ የለም። ደገመ። መልስ የለም። በሦስተኛው ድምፁ ተቀየረ፤ ሲጨነቅ ይሰማል። ሲጨነቅም አልፈረድኩበትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2000 ኤደን ወደብ ላይ ነዳጅ ትቀዳ የነበረችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኮል የተመታችው በአንዲት ትንሽ ጀልባ ነው። 17 ባሕረኞች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ መልስ የማትሰጥ ትንሽ ጀልባ ለጦር መርከብ ተራ ነገር አይደለችም። ያውም በቱቦ ታስሮ ሳለ።

ካፒቴኑን ጠራሁ። ረጅም ዘመን በባሕር ላይ የኖሩ አንጋፋ ናቸው።

«ካፒቴን፣ ጀልባዋ አትመልስም። ሬዲዮ ያላት አልመሰለኝም።»

ባይኖኩላሩን ተቀብለው አዩ። «ሬዲዮማ አላት፤ አንቴናው ይታያል። ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ቁጥር ነው የሚነግራቸው። ጀልባ የሚነዳ ሰው ቁጥር አይታየውም። እስቲ የሚያዩትን ንገራቸው።»

ሬዲዮውን አነሳሁ። ቀስ ብዬ ተናገርኩ። «ነጭ የሸራ ጀልባ፣ ወደ ሰሜን የምትሄዱ። እኔ ከፊታችሁ በግራ በኩል ያለሁት የጭነት መርከብ ነኝ። ሰማያዊ ነኝ፤ ላዬ ላይ ቢጫ ክሬኖች አሉ። ሰማያዊዋ መርከብ ትታይዎታለች?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። «አዎ፣ አይሃለሁ። እኛን ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እናንተን ነው። ከፊታችሁ፣ ከሸራችሁ ጀርባ፣ ሁለት መርከቦች ተያይዘው እየመጡ ነው። መዞር አይችሉም። እባክዎ አሁኑኑ ወደ ቀኝ፣ ፀሐይ ወዳለችበት ይዙሩ።»

አልጠየቀችም። ሸራው ሲርገበገብ አየን፤ ጀልባዋ ወደ ምሥራቅ ዞረች። የጦር መርከቡ አመሰገነን፤ ነዳጅ መቅዳቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ። ከአንድ ማይል በላይ ተራርቀው ተላለፉ።

ቆይቶ ሴትዮዋ ራሷ ጠራችን። ወደ ቻናል 72 ተሻገርን። ባልና ሚስት ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ነው የሚዞሩት። ባልየው ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ተኝቷል። እሷ ጥሪውን ሰምታዋለች። ግን ቁጥሩ ሲደረደር ለሌላ ሰው መስሏታል። የፊቱ ሸራ ደግሞ ወደፊት ያለውን ጋርዶባታል። ኤአይኤስ የሚልከውን ያጠፉት ወንበዴ እንዳያገኛቸው ነው። ይህን ስትል ዝም አልኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሲሸልስ አጠገብ የተጠለፉትን እንግሊዛውያን ባልና ሚስት የማያስታውስ መርከበኛ የለም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ታግተው ነው የተለቀቁት። መደበቅ የፈለገ ሰው ምክንያት አለው። የጦር መርከቡም ምክንያት ነበረው። በዚያ ጠዋት ሁለቱም ተደብቀው ስለነበር ስሟና ቦታዋ ለሁሉም የሚታየው የእኛዋ መርከብ ብቻ ነበረች። ሁለቱም ወገን ሊያያት ስለሚችል መጠሪያ ሆነች።

ለእኔ ትልቁ ነገር የካፒቴኑ አነጋገር ነው። ስንማር ቦታን በዲግሪና በደቂቃ መጥራት እንለማመዳለን። ትክክል ነው፤ ለመዝገብም፣ ለነፍስ አድንም ያስፈልጋል። ብቻዋን መሪ የያዘች ሴት ግን ወርዳ ቁጥሩን ከመሣሪያዋ ጋር እስክታመሳክር ደቂቃዎቹ ያልቃሉ። ቀለም፣ አቅጣጫ፣ ፀሐይ ግን ቀና ስትል ታገኛቸዋለች።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 በኋላ፣ የንግድ መርከቦች በየመን አቅራቢያ መመታት ሲጀምሩ፣ ብዙ የጭነት መርከቦችም በዚያ መንገድ ኤአይኤሳቸውን እያጠፉ ማለፍ ጀመሩ። ስለዚህ አዲስ ካዴት (ተለማማጅ መኮንን) ብሪጅ ላይ ሲመደብልኝ መጀመሪያ ስክሪኑን አላሳየውም። ባይኖኩላር እሰጠውና በአድማሱ ላይ ያለችውን መርከብ ስሟን ሳያውቅ እንዲጠራት አዝዘዋለሁ። «ቀይዋ፣ ከኋላሽ ደሴት ያለሽ» ብሎ ሲጀምር ደስ ይለኛል። «ደሴቱ ለሷ በየት በኩል ነው የሚታያት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስባሉ፤ አንዳንዱ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በመርከቢቱ አቅጣጫ ይቆማል። ያኔ ሬዲዮውን እሰጠዋለሁ።