የእናቴ ጉልበትና ያልተቆጠሩት ነጭ ሴሎች

እናቴ ከጎንደር ወደ ሜሪላንድ የመጣችው የልጅ ልጆቿን ለማየት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከላይኛው መኝታ ቤት ወደ ሳሎን የሚያወርዱት አሥራ አራት ደረጃዎች ምን ያህል እንደሚያስጨንቋት ቆሜ አየሁ። አንዱን እግር ታወርዳለች፤ ሌላውን ታስከትላለች፤ ቆም ብላ ትተነፍሳለች። «ቁርጥማት ነው፣ ይለቀኛል» ትለኛለች። ራጁ እንደዚያ አላለም። በጭኗና በቅልጥሟ አጥንት መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት በውስጠኛው በኩል ጠቧል፤ ዳር ዳሩን ትንንሽ የአጥንት እሾህ አብቅሏል። ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ የመገጣጠሚያ መበላት። በልጅነቷ እንስራ አዝላ ከምንጭ ሽቅብ የወጣች፣ ዕድሜዋን ሁሉ ምጣድ ፊት የኖረች፣ በዐቢይ ጾም ስግደት አጉድላ የማታውቅ ሴት ናት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እኅት ስለ ፒአርፒ ነገረቻት። ከክንድዎ ደም ይቀዳሉ፣ በማሽን ያሽከረክሩታል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን የደም ክፍል) የበዛበትን ፈሳሽ ለይተው ጉልበትዎ ውስጥ ይወጉታል፤ መድኃኒቱ የራስዎ ደም ነው አለቻት። እናቴ እስከ ቤት ድረስ ዝም ብላ መጣችና መኪናው ሲቆም «ዋግምት እንኳ ደሙን አውጥቶ ይደፋዋል እንጂ መልሶ አይከተውም» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ግን የራሴ ከሆነ ምን ይጎዳኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ሥራዬ ደም መቁጠር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ተማሪ ሳለሁ ደሙን ሃያ እጥፍ አቅጥነን፣ ቀይ ሴሎቹ ሟሙተው ነጮቹ ብቻ ሲቀሩ፣ በመቁጠሪያው መስታወት አራት ማዕዘኖች ውስጥ ያሉትን በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ እየቆጠርን በ50 እናባዛ ነበር። ዛሬ በምሠራበት ሆስፒታል ማሽኑ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ዓይኔ ላይ የቀረው ግን ያ የእጅ ቆጠራ ነው። በአንዲት ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አምስት ሚሊዮን ያህል ቀይ ሴል፣ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕሌትሌት፣ ጥቂት ሺህ ነጭ ሴል አለ። «የራሴ ደም» ስትለኝ እኔ የምሰማው የትኛው ክፍሉ፣ ስንቱ የሚለውን ነው።

ደም በቱቦ ሆኖ ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ጠጅ የሚመስለው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳች ነጭ ሽፋን ትሠራለች። እኛ በላብራቶሪው ባፊ ኮት እንላታለን። ነጭ ሴሎቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ብዙ ፕሌትሌትም እዚያው ተጠግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ፕሌትሌቱን የሚቀዳው ሰው ወይም ዕቃ ወደዚያች ስልባቦት ምን ያህል እንደተጠጋ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ከላይ ከላይ የቀዳ ነጭ ሴል የለበትም ሊባል ጥቂት የቀረው ፕላዝማ ያገኛል። ስልባቦቷን አብሮ የሳበ፣ ከመጀመሪያው ደም ብዙ እጥፍ ነጭ ሴል ያለበትን ያገኛል። ሁለቱም የሚጠሩት ፒአርፒ ተብለው ነው።

ወደ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ንጹሕ ቦታ ነው፤ ያነጋገረን ባለሙያም ትሑት ሰው ነበር። ለአንድ መርፌ 850 ዶላር፣ በየሳምንቱ አንድ፣ በድምሩ ሦስት መርፌ፤ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። «የምትሰጧት ነጭ ሴል የበዛበትን ነው ወይስ የወጣለትን?» ብዬ ጠየቅሁት። ዕቃው ያወጣውን እንወጋለን አለኝ። ከመውጋታችሁ በፊት ትቆጥሩታላችሁ? አንቆጥርም። የደም ምርመራዋን አይታችኋል? አያስፈልግም፣ የራሷ ደም ነው። እናቴ አማርኛ ባልሆነው ንግግራችን መካከል ፊቴን እያየች ነበር፤ መቆጣቴን ሳታውቅ አልቀረችም። የቆጠራው ማሽን የሚፈልገው አንዲት ጠብታና አንድ ደቂቃ ነው።

እንዲህ የሚያንገበግበኝ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ከነጭ ሴሎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው ኒውትሮፊል ነው። ባክቴሪያ ያለበት ቦታ ቀድሞ የሚደርስ፣ ዕድሜው አጭር፣ ኤላስቴዝ የሚባለውን ኢንዛይምና ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን የሚቆርጡ ሌሎች ኢንዛይሞችን ታጥቆ የሚዞር ሴል ነው። አጥንቶቹ እንዳይፋጩ የሚያደርገው ካርቲሌጅ ደግሞ ከውሃው ቀጥሎ ዋነኛ መዋቅሩ ኮላጅን ነው፤ የደም ሥርም የለውም። እንግዲህ ደም ደርሶት የማያውቅ ቦታ አጠገብ ቆራጭ የታጠቀ ሠራዊት በመርፌ ማስገባት ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ የቤተ ሙከራ ሥራ ከሰው መገጣጠሚያ ሽፋን የተወሰዱ ሴሎችን ነጭ ሴል ከበዛበት ፒአርፒ ጋር አቆይቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ሞቱ፣ እብጠት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችም ጨመሩ።

ይሁን እንጂ ነጭ ሴልን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕ አይደለም፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሞኖሳይት አለና። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትልቅ፣ ኒውክለሱ እንደ ኩላሊት የታጠፈ ነው። ከደም ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ማክሮፋጅ ይሆናል፤ ማክሮፋጅ ደግሞ እንደ ሁኔታው አንድ ጊዜ እሳቱን ያራግባል፣ ሌላ ጊዜ የሞተውን ጠርጎ ጥገናውን ያስጀምራል። ኢንተርሊውኪን-1 የሚባለው የእብጠት መልእክተኛ ከእሱ ይወጣል፤ ያንኑ መልእክተኛ የመቀበያውን በር ዘግቶ የሚያግደው ፕሮቲንም ከእሱ ይወጣል። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ፒተር ቬሊንግና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ የተመረኮዙት በዚህ ላይ ነው። ደሙን የብርጭቆ ዶቃ ባለበት መርፌ ውስጥ በሰውነት ሙቀት ለሰዓታት ያቆዩታል፤ ሴሎቹ አጋጁን ፕሮቲን እንዲያመርቱ ይተዉአቸዋል፤ ከዚያ ሴሎቹን አስቀርተው ሴረሙን፣ ማለትም ሴል የሌለበትን የደም ፈሳሽ፣ ብቻ ይወጋሉ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኮቢ ብራያንት በ2011 ለጉልበቱ ወደ ጀርመን የተጓዘው ለዚህ ነበር። ሴሉን አሠርተው ሴሉን ራሱን አለማስገባታቸው ደስ ይለኛል፤ የትኛው ክፍል ምን እንዲሠራ እንደፈለጉ አስበውበታል።

ፒአርፒ በሰው ጉልበት ሲፈተን ግን ነገሩ ከቤተ ሙከራው ይለያል። በጣሊያን ቦሎኛ የሪዞሊ ተቋም 192 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቡድን ነጭ ሴል የበዛበትን፣ ለሌላው የቀነሰለትን ሦስት ሦስት ጊዜ ወጋ። በ2022 የታተመው ውጤት ሁለቱም ቡድኖች እንደተሻላቸውና በመካከላቸው ልዩነት እንዳልታየ ይናገራል። ይህን ሳነብ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ፤ ኒውትሮፊሉ ይጎዳታል ብዬ እርግጠኛ ልሆን ነበርና። በ2021 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ የባሰ ነው። 288 ሰዎች ነጭ ሴል የቀነሰለት ፒአርፒ ወይም የጨው ውሃ ተወጉ። ከዓመት በኋላ ሕመሙ ከአሥር ነጥብ በፒአርፒው 2.1፣ በጨው ውሃው 1.8 ቀነሰ፤ ይህ እንደ ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። ካርቲሌጁ በሁለቱም ቡድኖች መሳሳቱን ቀጠለ። የፒአርፒ ደጋፊዎች ያ ዝግጅት በቂ ፕሌትሌት አልነበረውም ብለው ይከራከራሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህን ለመከራከር የቻሉት እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች ቆጥረው ስለመዘገቡ ነው። የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው ፒአርፒ ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እንዳይሰጥ አጥብቆ ሲመክር ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የሚወጋው ነገር ከቦታ ቦታ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው።

ከዚያ የእናቴን የደም ውጤት አወጣሁ። ሐኪሟ ለሌላ ጉዳይ አስመርምሯት ነበር፤ ነጭ ሴል 3,400፣ ኒውትሮፊል 1,300፣ ከጎናቸው ዝቅተኛ የሚል ምልክት። ከሁለት ዓመት በፊት ጎንደር ያስመረመረችውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ብዙ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ነን። ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን በቀይ ሴላቸው ላይ የሌለባቸው ሰዎች በደም ውስጥ የሚዘዋወር ኒውትሮፊላቸው አነስተኛ ነው፤ በሽታ አይደለም፣ በሽታን መከላከልም አያቅታቸውም። በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ይህ ዳፊን ከሚሠራው ጂን ጋር መያያዙ በ2009 ታትሟል፤ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤሎች ላይም ዝቅተኛው ቁጥር ከዚያ አስቀድሞ ተጠንቷል። እናቴ ምልክቱን አይታ «ደሜ አልቋል እንዴ?» ብላ ደንግጣ ነበር። አላለቀም እማዬ፣ የአንቺ ልክ ይህ ነው አልኳት።

ወደ ፒአርፒው ስመለስ ነጭ ሴል የበዛበት የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚለካው ከሰውየው ከራሱ ደም ጋር ተነጻጽሮ ነው። ሦስት እጥፍ ቢሆን ከእናቴ 3,400 ተነሥቶ 10,200 ይሆናል፤ 9,000 ካለው ጎረቤቷ ተነሥቶ 27,000 ይሆናል። በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሁለት ጉልበት ውስጥ ይገባሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቢሻለው ወይም ቢያብጠው፣ ያልቆጠረ ሰው ምክንያቱን ከየት ያመጣዋል?

መርፌውን ተውነው። እናቴ ራሷ ናት የተወችው፤ «ስንት እንደሆነ የማያውቁትን አይወጉኝም» ብላ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ ትሄዳለች፤ የጭኗን ጡንቻ ለማጠንከር ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታ እስከ አሥር ትቆጥራለች፣ በግዕዝ ቁጥር፣ አሐዱ ክልኤቱ እያለች። የመመሪያው ምክር ውስጥ ምርኩዝ እንዳለበት ስነግራት በጣም ደስ አላት። ከሚያመው ቀኝ ጉልበት በተቃራኒ፣ በግራ እጇ እንድትይዘው ማስለመድ ግን አንድ ወር ፈጅቶብናል። በደረጃው ላይ አሁንም ትቆማለች፤ የምትቆመው ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስድስተኛው ላይ ነው።

በመጪው ወር ትመለሳለች። ሻንጣዋን ስናዘጋጅ በአማርኛ አንድ ወረቀት እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ ጎንደር ያለው ሐኪም ቁጥሩን አይቶ እንዳይደነግጥና እንዳያስደነግጣት። «ነጭ ሴል 3,400፣ ኒውትሮፊል 1,300፤ ቀድሞም እንዲሁ ነበር» ብዬ ቀኑን ጻፍኩበት። አጥፋ ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አስቀመጠችው።