ራስ ያልያዘው ሽንኩርት

ዛሬ ጠዋት እንዲሁ ሆድ ብሶኝ ነው የነቃሁት። ቧንቧው ውሃ ካቆመ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሆድ የባሰኝ ግን በውሃው አይመስለኝም። ጄሪካኑ ውስጥ የቀረችውን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። እንዲህ ሲያደርገኝ አፈር መንካት ይሻለኛል።

መጋቢት እያለቀ ነው። ህዳር ላይ ያዛወርኳቸው ሁለት መደብ ሽንኩርቶች ጎን ለጎን ናቸው። አንደኛው ዘሩን ከገበያ የገዛሁት ቦምቤ ሬድ ነው። ደርሷል። ቅጠሉ ተኝቷል፤ ራሱ ከአፈር ብቅ ብሎ ቀልቷል። ሁለተኛው ስዊድን ያለው ወንድሜ በሰው የላከልኝ ዘር ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ያምራል። አንዱን ነቀልኩት። ከሥር ምንም የለም። አንገቱ እንደ ባሮ ሽንኩርት ወፍሮ ይወርድና ሥር ይሆናል፣ በቃ።

ቤት ገብቼ መጽሐፎቼን አወጣሁ።

ከእነዚህ ሁለት መጽሐፎች ጋር ሦስት ዓመት ሆነን። እወዳቸዋለሁ። ፍግ እንዴት እንደሚብላላ፣ ካሮት ለምን ተነቅሎ እንደማይዛወር፣ ጎመን በተነሳበት መደብ ላይ መልሶ ጎመን ለምን እንደማይተከል ያወቅሁት ከእነሱ ነው። የሚያስቸግረኝ ወቅታቸው ነው። አንደኛው «የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ» ይላል። የኛ ጓሮ ውርጭ አያውቅም። «በፀደይ ዝሩ» ይላል። የኛ ፀደይ መጋቢት 26 ይገባል፤ ጎንደር ላይ ፀሐዩ የሚበረታበት፣ ውሃ የሚጠፋበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዓመት አምኜው ዘራሁ። የቲማቲም ችግኜ ዓይኔ እያየ ደረቀ።

ሁለተኛው ለሞቃት አገር የተጻፈ ነው። ሙቀት የሚለው ግን ቆላውን ነው፤ ሌሊቱም የሚያልብበትን። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አልፈን ነው ያለነው። ታኅሣሥ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው የምተኛው። ወይና ደጋ የሚባል ነገር መኖሩን አንዳቸውም አያውቁም። ስለዚህ እያመሳከርኩ ነው የማነበው። «ፀደይ» ሲሉኝ፣ ዝናቡ ሲያባራ ብዬ እይዘዋለሁ። እማዬ መጽሐፍ ሳትገልጥ «መስቀል ይለፍና ነው የሽንኩርት ዘር» ትል ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ይቆጨኛል።

የዛሬው ግን የወቅት ጉዳይ አልነበረም። አንደኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የማልፈው ሠንጠረዥ አለ። ሽንኩርት ራስ የሚይዘው የቀኑን ርዝመት አይቶ ነው። 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን የሚበቃው ዝርያ አለ። ከ14 እስከ 16 ሰዓት ካላገኘ ቅጠል እያወጣ ብቻ የሚቆይም አለ። ሰሜን አገር የሚዘራው ይኼኛው ነው። ጎንደር ላይ ረጅሙ ቀን ሰኔ ውስጥ ነው፤ እሱም 13 ሰዓት አይሞላም።

እኔ አምስት ወር ሙሉ ስኮተኩተው፣ ስመግበው፣ ከራሴ ቀንሼ ሳጠጣው፣ እሱ ለካ እዚህ የማይመጣ ቀን ይጠብቅ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሽንኩርት አይለቀስም፤ አውቃለሁ።

ያ ልጅ ስዊድን ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ሰኔ ደውሎ «እታለም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ገና መግባቷ ነው፤ እንዴት ልተኛ?» አለኝ። እኔ አገር አየ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ክረምታቸው ሲገባ ደግሞ ድምፁ ቀጠነ። ጥምቀት ላይ ታቦቱን ሸኝቼ ከፋሲል መዋኛ ስደውልለት ሁሌ አልጋ ላይ ነው። እዚያ በዚያ ሰሞን 9 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ይመሻል። «ድካም ነው» ይለኛል። ሥራ ይሆናል እያልኩ አልፈዋለሁ።

እዚህ እያለ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ልጅ ነበር። ፀሐይ 12 ሰዓት ወጥታ 12 ሰዓት በምትገባበት ሰማይ ሥር ያደገ። እዚያ መኖሪያ አለው፣ ደሞዝ አለው፣ ፎቶው ላይ ወፍሯል፣ አምሮበታል። ፎቶውን ሳየው እኔም ልምላሜውን ነው የማየው።

ትናንት ማታ «እታለም፣ ሽንኩርቱስ ደረሰ? ፎቶ ላኪልኝ እንጂ» ብሎ ጽፎልኛል። እስካሁን አልመለስኩለትም። ቅጠሉን ብቻ አንስቼ ልላክለት አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። እውነቱን ብነግረው ስለ ቀኑ ርዝመት ማውራቴ አይቀርም። ከዚያ ስለ እሱ ቀን ልጠይቀው ነው። እሱ እንደሆነ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው የሚለው።

እንዴት ብዬ ልጠይቀው?