አባቴ አላኮረፈም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ሁሉም እየሳቀ ፊቱ ያልተፈታ ሰው ጥግ ይዞ ብታዩ «ምን ሆኖ አኩርፏል?» ለማለት አትቸኩሉ። እኔ አባቴን ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜው ኖሬያለሁ። ሐኪሙ «ፓርኪንሰን ነው» ሲለን ነው የገባኝ፤ ለካ የገተረው የፊቱ ጡንቻ ነው እንጂ ሰውየው ያው ተጫዋቹ አባቴ ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ሕመም የምናውቀው በእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ጭራሽ የማይንቀጠቀጥ ታማሚም አለ። ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴያችንን የሚያግዘውን ኬሚካል የሚያመርቱት የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ድምፅ ይሰልላል። ሽታ መለየት አለመቻልና የሆድ ድርቀትማ ከዓመታት በፊት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ (ማን ይጠረጥራል?)። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቶ ነበር።

የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሚያግዝ ግን አለ። አባቴ ሌቮዶፓ የሚባለውን፣ የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካለትን ክኒን በሰዓቱ ከዋጠ ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። ሰዓቱ ካለፈ አንዲት ቁልፍ ሩብ ሰዓት ታታግለዋለች። እባካችሁ፣ የበዓሉ ግርግር የክኒን ሰዓት አያስረሳችሁ።

በር ላይ ሲደርስ ደግሞ እግሩ መሬት ላይ እንደተሰፋ ቀጥ ይላል። ድሮ ክንዱን ይዤ እጎትተው ነበር፤ ሊወድቅብኝ ምንም አልቀረውም። አሁን ደፉ ላይ ደማቅ ፕላስተር ለጥፈናል። «አባዬ፣ መስመሯን ተሻገራት» እለዋለሁ። ይሻገራታል! ከኋላ «ቶሎ በል እንጂ» የሚል ሰው ካለ ግን መልሶ ይቆማል።

አስታማሚዎችንም አስቡ። እናቴ ሌሊቱን ስታገላብጠው አድራ ጠዋት እንግዳ ትቀበላለች። እንዲህ ያለ ቤት ስትሄዱ ስጦታው ይቅርና «አንቺ ሂጂ ተኚ፣ እኔ አብሬው እቀመጣለሁ» በሏት።

ትናንት አባቴን «መልካም በዓል ብለህ ጻፍልኝ» አልኩት። «መልካም» ሰፋ ብላ ተጻፈች፤ «በዓል» ጋ ሲደርስ ፊደሎቹ እያነሱ እያነሱ መጨረሻዋ «ል» የጉንዳን ያህል ሆነች። ወረቀቱን አየሁና «ቀለም ቆጠብክ እንዴ?» አልኩት። ፊቱ ንቅንቅ አላለም። ትከሻው ግን በሳቅ ይነቀነቅ ነበር።