ሁለቱ ስቴሽነሪዎች

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ፣ ባነርና የሱቅ ታፔላ እሠራለሁ። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ለብቻዬ መማር የጀመርሁትም ለዚሁ ሥራ ስል ነው፤ ወረቀት ላይ የወደቀ ስሕተት ይደለዛል፣ ቆርቆሮ ላይ ያረፈ ግን ክረምት ከበጋ መንገደኛ ያነበዋል። የተለመዱት ቃላት ብዙም አላስቸገሩኝ፣ እጅ ይለምዳቸዋል። ሰሞኑን ግን አንድ ግትር ጥንድ ስለረታሁ ደስታዬን ላካፍላችሁ፦ ስቴሽነሪ እና ስቴሽነሪ።

በእኛ ፊደል ልዩነታቸው አይታይም፣ በእንግሊዞቹ አፍም ያው ነው። በ«ኤ፣ አር፣ ዋይ» የሚያልቀው «የማይንቀሳቀስ» ማለት ነው፤ በ«ኢ፣ አር፣ ዋይ» የሚያልቀው ደብተር፣ ወረቀትና ፖስታ ነው። እንግዲህ በ«ኤ» የተጻፈ ታፔላ «የማይንቀሳቀስ ሱቅ» ብሎ ያውጃል። አለመንቀሳቀሱንማ ማን አጣው! ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ቀይ መስመር አያሰምርባቸውም።

አንድ ፊደል ምን ያመጣል የሚል ካለ ዘጌ ተሻግሮ የቅኔ ተማሪዎችን ይጠይቅ። «ሰአሊ ለነ» በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ «ለምኚልን» ነው፤ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ከጻፉት «ሣዪልን» ይሆናል።

ብዙዎች «ኢ ማለት ኤንቨሎፕ፣ ማለትም ፖስታ፣ ነው ብለህ ያዝ» ብለው ይመክራሉ። ለእኛ የማይረባ ምክር ነው። «ኤንቨሎፕ» ሲባል የአማርኛ ጆሮ የሚሰማው «ኤ»ን ነው፤ «ኤ» ደግሞ የዚያኛው የተሳሳተው ፊደል ስም ነው። ማስታወሻው ራሱ ወደ ገደል ይመራል።

እኔን የረዳኝ የቃሉ ታሪክ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ብዙው ቸርቻሪ እንደ ሱቅ በደረቴ ዟሪ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ደጅ ግን መጽሐፍ ሻጮች ቋሚ ቦታ ይዘው ስለሚሸጡ በላቲን «ስታሲዮናሪዩስ» ተባሉ፤ በእንግሊዝኛ «ስቴሽነር»። የለንደኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1403 ማኅበር መሠረቱ፣ በ1557 ደግሞ ንጉሣዊ ቻርተር አገኙ። ስቴሽነሩ የሚሸጠው ዕቃ ስቴሽነሪ ሆነ። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ ሻጩን ፈልጉት፦ ዳቦ ጋጋሪው «ቤከር» ላይ «ዋይ» ሲጨመር «ቤከሪ» እንደሚሆነው ሁሉ፣ «ስቴሽነር»ም «ኢ፣ አር»ን ይዞ «ዋይ» ይጨመርበታል። የቤከሪ ታፔላ ያላየ ሰው በከተማችን አይገኝም። ሁለቱ ቃላት የአንድ ግንድ ልጆች መሆናቸውን ካወቅሁ ወዲህ እጄ አያመነታም። በነገራችን ላይ ዕቃ የሆነው ስቴሽነሪ አይቆጠርም፤ መጨረሻው ላይ «ኤስ» እየጨመራችሁ አታብዙት።

ታሪክን ተከተሉ እያልሁ የምሰብከው ግን «ፕሪንሲፓል» እና «ፕሪንሲፕል» ላይ ስደርስ አይሠራልኝም። አንዱ ርእሰ መምህር፣ ሌላው መርሕ፤ ድምፃቸው አንድ፣ የላቲን ግንዳቸውም አንድ። የርእሰ መምህር ቢሮ ታፔላ ሲታዘዝልኝ «ፓል ማለት ወዳጅ ነው፣ ርእሰ መምህሩም ወዳጅ ነው» እያልሁ በዚያው በናቅሁት ዘዴ ነው የምጽፈው። ከዚህ የተሻለ መላ ያላችሁ ወዲህ በሉ።